ውሃው ገና ነው

«ያዢ፣ ያዢ፣ እጄ ደንዝዟል» አለ የጨዌ አጎት፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ሳሎኑ መሃል ቆሞ። በውሃና በአየር የተወጠረ የላስቲክ ከረጢት በሁለት እጁ አቅፏል። ከረጢቱ ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ፣ ነጭ መቀነት የታጠቀ የሚመስል ብርቱካንማ ዓሣ ይዋኛል።

የጨዌ ልብ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ግን ድንግጥ አለች።

«ጨዌ» እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሳሎኑ ውስጥ ያለው የባሕር ዓሣ ማኖሪያ የመስታወት ሣጥን፣ አኳሪየሙ፣ እቤት ከገባ ወዲህ የተለጠፈባት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምና፣ ነዝንዛ፣ በመጨረሻም በጥሩ ውጤት አፋቸውን አስይዛ ነው ያስገዛቻቸው። ግንበኛው አባቷ ማስቀመጫውን ራሱ ሠርቶ፣ ውሃ ልኩን ደጋግሞ እያሳረፈበት፣ «ይሄ ትንሽ ከዘመመ ሁላችንም ዋና እንማራለን» እያለ አስተካከለላት። እናቷ የስፌት መኪናዋን ወደ ጓዳ ወስዳ ቦታ ለቀቀችላት። ጨዌም ለዚሁ ተብሎ የሚሸጠውን ጨው በባልዲ እያማሰለች ውሃውን አዘጋጀች፤ አሸዋውን ደለደለች፤ አንድ ቀን ኮራል የሚባለውን የባሕር ፍጥረት ይይዙልኛል ያለቻቸውን ቀዳዳ የበዛባቸውን የባሕር አለቶች ደረደረች፤ ፓምፑን ሰካች። ከዚያ ውሃው ዓሣ ለማኖር እስኪደርስ ወንበር ስባ መጠበቅ ጀመረች። ታላቅ ወንድሟ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር «ሾርባው ደረሰ?» ይላታል። ጨዋማ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ድንጋይ፣ ከፊቱ ደግሞ አገጯን ተደግፋ የምታፈጥ ልጅ፤ ለሚያያት እውነትም ታስቃለች።

«ቅዳሜ ዓሣ ይገባል» ብላ ያወራችው ራሷ ናት። ደግሞ ለማን? ለሬዲዮ። የቅርብ ጓደኛዋ ሬዲዮ የተባለችው በከንቱ አይደለም፤ ጠዋት የሰማችውን ወሬ እስከ ምሳ ድረስ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል። በጨዌ ግምት ውሃው እስከ ዛሬ መድረስ ነበረበት። ጠዋት ስትለካው ግን አልደረሰም። ይኸው ቅዳሜ ሆነ፤ አጎቷም ወሬውን ሰምቶ ዓሣውን ገዝቶ መጣ፤ ሬዲዮ ስልኳን ደግና ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ የክፍላቸው ተማሪ በሙሉ ቪዲዮውን እየጠበቀ ነው።

«ምነው አትቀበዪኝም?» አለ አጎቷ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሲናገር ሞተር የሚያሸንፍ ይመስል ድምፁ ትልቅ ነው። «ለሻጩ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል አልኩት። መንገድ ላይ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ዓሣውን ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው የመጣሁት።»

«ጋሼ... ውሃው ገና ነው።»

«የምን ገና? ይኸው ጥርት ብሎ!»

ጥርት ማለቱንስ ጥርት ብሏል። ችግሩም እሱ ነበር፤ በዓይን ሲያዩት ምንም አይልም።

እናቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ፣ «አጎትሽን ሰው ፊት አታሳፍሪው። ዝም ብለሽ አስገቢው» አለቻት በሹክሹክታ።

ማስገባቱማ ቀላል ነበር። አጎቷ ይደሰታል፤ ሬዲዮ ትቀርጻለች፤ ወንድሟ አፉን ይይዛል። ዓሣው ሲሞት ደግሞ «ዓሣ አይደል፣ ይሞታል» ይባልና ይረሳል። የገደለችው እሷ መሆኗን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም። ጨዌ ፈራች።

«አንድ ነገር ላሳይህ» አለችው።

ከአኳሪየሙ ትንሽ ውሃ በብልቃጥ ቀዳች፤ የመለኪያውን መድኃኒት ጠብ ጠብ አድርጋ ነቀነቀችው። «ቢጫ ከሆነ ደህና ነው። አረንጓዴ ከሆነ ውሃው ውስጥ አሞኒያ አለ ማለት ነው፤ ዓሣውን ያቃጥለዋል። መርዙን የሚበሉት አለቶቹ ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነሱ ገና አልበዙም።»

ሁሉም ብልቃጧ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። ውሃው ቀስ በቀስ አረንጓዴ ሆነ።

የአጎቷ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ስጦታዬን ይዤ ልመለስ ነው የምትዪኝ?»

«ጋሼ፣ የዘይቱ መብራት ቀይ እያበራ መኪናህን ትነዳለህ?»

«አብጃለሁ እንዴ?» አለ ሳያስበው። ከዚያ ብልቃጧን አየ፤ ዓሣውንም አየ። «በይ ተነሺ» አላት። «ሻጩ ዘንድ አብረን እንሂድ። ውሃሽ እስኪደርስ አደራ ያስቀምጥልን።»

«ለክፍሉስ ምን ልበል?» አለች ሬዲዮ፣ ስልኳን ዝቅ አድርጋ።

«ውሃው ገና ነው በያቸው።»

ሬዲዮም አለቻቸው። ሰኞ መምህሩ የቤት ሥራ ሲሰበስብ አንዱ ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ውሃው ገና ነው» አለ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በዚያው ተለመደ፤ ያልተጠና ፈተና፣ ያላለቀ ሥዕል፣ ያልበቀለ ጢም ሁሉ «ውሃው ገና ነው» ሆነ። ጨዌም አብራ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን አለቀሰች። አጎቷ ማታ ማታ ይደውላል። «ቀለሙስ?» ይላል። «አረንጓዴ» ትለዋለች። «በይ እሺ» ብሎ ይዘጋዋል።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሳ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ብልቃጧን ነቀነቀች። ቢጫ። አላመነችም፤ አጥባ እንደገና ለካች። ቢጫ። የቀሩትን መለኪያዎችም ሞከረች፤ ሁሉም ደህና ነው። ጩኸቷን ሰምታ እናቷ ክር በአፏ እንደያዘች ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«ጋሼ፣ ቢጫ!» አለች ስልክ ላይ።

«ሳልደርስ ማንም እንዳይነካው» አለ አጎቷ።

አጎቷ ከረጢቱን ከሻጩ ተቀብሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ሲገባ አባቷ ሲሚንቶ የነካው ሱሪውን ሳይቀይር፣ ወንድሟም ኳሱን ትቶ እየጠበቁት ነበር። ጨዌ ሙቀቱ እንዲመጣጠን ከረጢቱን ውሃው ላይ አንሳፈፈችው፤ ከአኳሪየሙ ውሃ በኩባያ እየቀዳች ትንሽ በትንሽ አለማመደችው። ቸኩይ ያላት የለም። በመጨረሻ ትንሿን መረብ አነሳች።

«እየቀረጽኩ ነው» አለች ሬዲዮ። «ፊትሽን ወደዚህ አዙሪ።»

ጨዌ ይህችን ቅጽበት ሁለት ዓመት ሙሉ ስታልማት ኖራለች። አጎቷን ዞር ብላ አየችው። ምንም ላለመንካት ትላልቅ እጆቹን ከኋላው አጣምሮ ትንፋሹን ውጧል። መረቡን ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ አንተ አስገባው።»

«እኔ? ባበላሽስ?»

«ቀስ በል እንጂ አታበላሽም።»

አጎቷ ዓሣውን በመረቡ አንስቶ እጁን እስከ እጅጌው ውሃው ውስጥ ከተተ። ዓሣው ተፈትልኮ ከአለቱ ጀርባ ተሸሸገ። ከዚያ በአንዱ ቀዳዳ ብርቱካንማ አፍንጫ ብቅ አለ፤ ወዲያና ወዲህ አየ፤ ወጣና አኳሪየሙን እንደ ገዛ ቤቱ ዞረው።

«ሾርባው ደረሰ» አለ ወንድሟ፤ ሁሉም ሳቁ። አጎቷ ብቻ አልሳቀም። የረጠበ እጁን ከውሃው ማውጣት ረስቶ «አየሽው?» አላት። ሞተር የሚያሸንፈው ድምፅ የት እንደገባ እንጃ።

«አየሁት፣ ጋሼ» አለች፤ ደስታዋ ደረቷን ሞልቶ መተንፈሻ አሳጣት።

ሬዲዮ ቪዲዮውን ከፍታ ፊቷን አጨፈገገች። «አንቺ እኮ የለሽበትም። የጋሼ እጅ ብቻ ነው የሚታየው። አውጥተን እንድገመው?»

ጨዌ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ግዙፍ እጅ፣ ትንሽ መረብ፣ ብርቱካንማ ጭራ።

«አንደግመውም» አለች። «እንዳለ ላኪው።»