ከማኮብኮቢያው ሥር የቀረው ወሰን

ባራኒኮ ከኮኮናቱ ግንድ ሥር ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ቢላዋው ከእጁ፣ መቅጃ ቅሉ ከጎኑ አልራቁም።

«ከዛፍ ወደቀ፣ በቃ» አሉ የደሴቲቱ ሽማግሌ ታኒዬራ። «የሰው ዛፍ ወጥቶ እምቡጥ ቆርጦ ጭማቂ የሚቀዳ ይወድቃል። አባቶቻችን የዳኙት እንዲህ ነው።»

ከጎረቤት ደሴት በጀልባ የመጣው መርማሪ ካቡዋ ነገሩ ወዲያው ገባው። ዛፉ የቆመው ሁለቱ በሚከራከሩበት መሬት ላይ ነው፤ ባራኒኮ ወድቆ ከሆነ መሬቱ ለታኒዬራ ይፈረዳል፤ የሟቹ ሚስት ቴዌያ ሜዳ ላይ ትቀራለች።

በጦርነቱ ጊዜ ባዕድ ወታደሮች መጥተው ኮኮናቱን ገነደሱ፣ የጎደሬውን ጉድጓድ ደፈኑ፣ ኮራል የሚባለውን ነጭ የባሕር ድንጋይ ፈጭተው ደልድለው አውሮፕላን አሳረፉበት። ጦርነቱ አልቆ ሲሄዱ የባራኒኮና የታኒዬራ ቤተሰቦች የወሰን ድንጋይ ከማኮብኮቢያው ሥር ቀረ። ቦታውን የሚያውቀው፣ ያኔ በልጅነቱ ኮራል የተሸከመው ባራኒኮ ብቻ ነበር። በሞተ ማግስት በሕዝብ ፊት ሊያሳይ ነበር።

ካቡዋ አስከሬኑን ገልብጦ አየ። የማጅራቱ ቁስል ውስጥ ነጭ ኮራል ተሰንቅሯል። ከዛፉ ሥር ያለው ግን ጥቁር አፈርና የበሰበሰ ቅጠል ነው። ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ወጣ። የአበባው እምቡጥ በዚያው ጠዋት ተቆርጦ ጭማቂው ይንጠባጠባል። ወርዶ ማኮብኮቢያውን መፈተሽ ሲጀምር ዝናቡ ወረደበት። ተራገመ።

ባራኒኮ ከተገኘበት ዛፍ አጠገብ፣ ከቁጥቋጦው ማዶ፣ ዝናቡ ያላጠፋው የሴቶች ምንጣፍ ተጎትቶ የሄደበት መስመር ይታያል። ሲጎነጉኑት የነበረው ቅጠል ተበትኗል።

«ጠዋት ዛፍ የወጣ ሰው ሲዘፍን ሰማችሁ?» አላቸው ሴቶቹን።

«ኧረ ልጄ፣ ጆሯችን አርጅቷል» አለች ካኦቲ፣ የሁሉም ታላቅ።

«ቅድም የጀልባዬን ሞተር ከሩቅ ሰምታችሁ ተንጋግታችሁ ወርዳችሁ የለ!»

«ዓሣ የያዘ መስሎን ነዋ። ይዞ የመጣው አንተን!»

ሴቶቹ ሳቁ። ካቡዋ ጥርሱን ነከሰ። ግድግዳ ቢጠይቅ ይሻለው ነበር።

የሟቹ የእህት ልጅ ሪቴቲ በዚያው ሰሞን ከአጎቱ ጋር ተጣልቶ ነበር።

«አንተ ነህ የገደልከው?» አለው ካቡዋ።

«ተሰዳደብን እንጂ አልገደልኩም።»

«ዛፍ ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ። መርከብ ላይ ስላደግሁ ግን ዘፈን አላውቅም። ሴቶቹ ‹ድዳው መቼ እንደወጣ አናውቅም፣ አንድ ቀን ቢላዋ ይጥልብናል› ይሉኛል።»

በማግስቱ ሁሉም መሰብሰቢያው ዳስ ውስጥ ተቀመጡ።

«ባራኒኮ የሞተው ማኮብኮቢያው ላይ ነው፤ ኮራሉ ቁስሉ ውስጥ አለ» አለ ካቡዋ። «ከዚያ ወደ ዛፉ ተወሰደ። ነገር ግን እምቡጡ በዚያው ጠዋት ተቆርጧል። ሟች ዛፍ አይወጣም። የወደቀ እንዲመስል ገዳዩ ወጥቶ ቆረጠ።»

«ሪቴቲ ነዋ» አሉ ታኒዬራ።

«ሪቴቲ ሳይዘፍን ነው የሚወጣው። እዚህ አገር ዛፍ የወጣ ሁሉ ይዘፍናል፣ ከሥር ያለ እንዲሸሽ። ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ጎትተው ሸሽተዋል። ስለዚህ የወጣው ዘፍኗል። ሁሉም የየቤቱ ዘፈን አለው። የሰሙት የባራኒኮን ቢሆን ኖሮ እያለቀሱ ይነግሩኝ ነበር። የሪቴቲ ሊሆን አይችልም። ታዲያ ሰምተው የሚፈሩት የማንን ነው? ከመሬቱ የሚጠቀመው ማን ነው?»

ካኦቲ አንገቷን ደፋች።

«አባባ ታኒዬራ፣ የእርስዎን ነው።»

ሽማግሌው ጉልበታቸውን አሹ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ዘፍኜ ነው የወጣሁት» አሉ። «እዚያ ላይ ስሆን ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ዘፈኑ ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው እኔ ራሴ የሰማሁት።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር!» ቴዌያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «ባሌን ‹ሌባ ነው፣ ወደቀ› እያሉ ሲቀብሩት ልታዩ ነበር?»

«አብረን እንኖራለን፣ እህቴ» አለች ካኦቲ ቀና ሳትል። «የት እንሄዳለን?»

ካቡዋ ሽማግሌው ፊት ቁጢጥ አለ። «ባራኒኮ ማኮብኮቢያው ላይ የሞተው የድንጋዩን ቦታ አስቀድሞ ለእርስዎ ሲያሳይ ነው። እዚያው ነው የመቱት። የት ነው?»

ታኒዬራ ባሕሩን አዩ። ደግሞ ጠየቃቸው፤ ለመናቸው፤ ጮኸባቸው። እጃቸውን አስሮ ወደ ጀልባው ሲወስዳቸውም ቦታውን አልነገሩትም።

ቴዌያ የጎደሬ መቆፈሪያዋን ተሸክማ ካቡዋን መንገድ ላይ ደረሰችበት።

«ማኮብኮቢያው ላይ ደሙን የት አየህ? ድንጋዩ እዚያ ነው።»

«አላየሁም፣ እማማ። ዝናብ አጥቦታል።»

የማኮብኮቢያው ነጭ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ባዶውን ተዘርግቷል።

«እንግዲያው ከዳር መቆፈር እጀምራለሁ» አለችና መቆፈሪያዋን አነሳች።