ሰላም ሳይል ያለፈው ሳይክለኛ

በሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ መጋቢት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማለዳ፣ የጨፋ ሸለቆ ጭር ብሎ ነበር። ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቆሟል፤ ከአፋር ቆላ ግጦሽ ፍለጋ የወጡት ግመሎችና ከብቶች የቦርከናን ወንዝ ዳር ይዘው ተሰማርተዋል፤ ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ የሚወስደው አስፋልት ግን፣ ቀድሞ በዚያ ሰዓት በአይሱዙና በሚኒባስ ይጨናነቅ የነበረው፣ ባዶውን ተጋድሟል። ዘመኑ መንገዱ ደጋግሞ የተዘጋበት፣ ደጋግሞም የተከፈተበት ዘመን ነበር፤ ሲዘጋ ስለ ምን እንደተዘጋ፣ ሲከፈትም እስከ መቼ ተከፍቶ እንደሚቆይ በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም። በየመንደሩ መግቢያ ድንጋይ ተደርድሯል፤ ከድንጋዩ ኋላም መሣሪያ የያዙ የመንደር ጠባቂዎች ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን በዓይናቸው ይመዝናሉ።

በዚህ መንገድ ላይ ለዓመታት ብቻውን ሲመላለስ የኖረ አንድ ሰው ነበር፤ ስሙም ሙሀመድአሚን ይባላል። በከሚሴ ገበያ ከአባቱ የወረሰው የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረው፤ ዕድሜው ከአርባ አልፏል፤ ሀብቱ ከመካከለኞቹ ነጋዴዎች የሚቆጠር ነው፤ ነገር ግን የከተማው ሰው የሚያውቀው በሱቁ ሳይሆን በአረንጓዴ ኮርስ ሳይክሉ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሳይክሉን ከግቢ አውጥቶ ወደ ጨፋ ይወርዳል፤ ለውድድር አይደለም፤ ወዴትም ለመድረስ አይደለም፤ በዚያ በታፈነ ጊዜ ደረቱ ሰፋ የሚልለት እዚያ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ስለነበር ነው።

ሰውየው ሲነዳ ፈጣን ነው፤ ሲሄድ ግን ቀርፋፋ፤ ምክንያቱም በየመንገዱ የሚቆም ሰው ነው። በአጥር ጥግ የተቀመጠ ሽማግሌ ካየ አንድ እግሩን መሬት አስነክቶ፣ አዳሩን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ በዚያ አገር ሰላምታ በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከሁሉም በላይ የሚቆይባቸው ሼህ ሸምሱ ነበሩ። እኚህ አዛውንት ከመንገዱ ኩርባ ላይ፣ ከአንድ ትልቅ የቁርቁራ ዛፍ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ ዓይናቸው የሩቁን አጥርቶ ያያል፤ የቅርቡን ፊት ግን መለየት ካቆመ ቆይቷል። ሙሀመድአሚን ሰላምታውን ያደርሳል፤ እሳቸው ዱዓ ያደርጉለታል፤ ከዚያ ይሄዳል። አንዳቸውም ይህን ጉዳይ ብለው አስበውት አያውቁም።

መንገዱ በከፋበት ሰሞን ግን ሚስቱ ዙቤይዳ እንቅልፍ አጣች። በዚያው ወር የአንድ ሞተረኛ ሬሳ ከወንዝ ዳር ተገኝቶ፣ ሞተሩን ሌላ ሰው ሲነዳው ታይቷል መባሉን ገበያው ሁሉ ያወራ ነበር። አንድ ማታ እራት እንደበሉ በግልጽ ነገረችው።

«ስማኝ የኔ አባት፤ እስካሁን ችዬሃለሁ። ከሰው ጋር የምትሄድ ከሆነ ሂድ፤ ብቻህን ከሆነ ግን ወላሂ ሳይክሉን ነገውኑ ሽጠው። እኔ በዚህ ዘመን መበለት ሆኜ ሱቅ አልጠብቅም።»

«ዙቤይዳ፣ መንገዱን እንደ እጄ መዳፍ ነው የማውቀው።»

«መንገዱን አይደለም የፈራሁት፤ ሰውን ነው» አለች።

ሙሀመድአሚን ለሁለት ዓመት ያህል ልግባ አልግባ እያለ ያቅማማበትን ነገር ያን ሌሊት ቆረጠ፤ ወደ ቦርከና ብስክሌት ክለብ ሊገባ።

ክለቡን ያቋቋመው ሃምሳ አለቃ ደረጀ ነበር። ከሠራዊቱ በክብር ተሰናብቶ በከተማው አስተዳደር ቢሮ የተቀጠረ፣ ንግግሩ አጭር፣ አቋሙ ቀጥ ያለ ሰው ነው፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ ማልያ አሰልፎ በዚያ በተፈራ መንገድ ላይ ማሳየትን እንደ ግዳጅ ይዞት ነበር። ክለቡ የሚነዳው በአንድ መስመር ተሰልፎ ነው፤ የፊተኛው ነፋሱን ይሰብራል፤ የቀሩት በእሱ ጥላ ይከተላሉ፤ ሲደክመው ወደ ኋላ ይወርድና ሌላው ይተካዋል። ጎማ ከጎማ ሊነካካ ስንዝር ያህል ነው የሚቀረው፤ አንዱ አንገቱን ቢያዞር፣ አንዱ እጁን ከእጀታው ቢያነሣ፣ ሁሉም በአስፋልቱ ላይ ይነጠፋሉ። ስለዚህ የክለቡ ሕግ ጥብቅ ነበር። አዲስ ገቢ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ ሰልፉን ሳያፈርስ መድረስ አለበት፤ ያፈረሰ ግን ለከርሞ ይመለስ ይባላል።

«አቶ ሙሀመድአሚን» አለው ደረጀ በዚያ ቅዳሜ ማለዳ፣ ነጭ ማልያ፣ ሄልሜትና ጥቁር መነጽር እያቀበለው፤ «ብቻውን የኖረ ሰው ሰልፍ ይከብደዋል። ዓይንዎን ከፊትዎ ካለው ጎማ እንዳይነቅሉ። ማንም ቢጠራዎት፣ ማንም ቢመጣ።»

«እሺ፣ ሃምሳ አለቃ።»

መታወቂያቸውንና ስልካቸውን ከኋላ በምትከተላቸው ፒክአፕ ውስጥ አስቀመጡ። ከከተማው ሲወጡ ፒክአፗ አብራቸው ነበረች፤ ጨፋ መሐል ግን ጎማዋ ፈነዳና ቀረች። ደረጀ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ሰልፉ ቀጠለ።

ሙሀመድአሚን በሕይወቱ እንዲህ ነድቶ አያውቅም። ያ ሁልጊዜ ደረቱን ይገፋው የነበረው የሸለቆ ነፋስ ጠፋ፤ እግሩ ቀለለው፤ ከፊቱ የክለቡ ታናሽ የኤርሚያስ ጎማ እየተሽከረከረ ይስበዋል። ደስ አለው። እውነቱን መናገር ካስፈለገ፣ ከሰው ጋር መሆን ማለት ይህ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ስጠብቅ ነበር ብሎ እስከ መቆጨት ደርሶ ነበር።

ከዚያ ኩርባው መጣ፤ ቁርቁራውም መጣ።

ሼህ ሸምሱ አረንጓዴዋን ሳይክል ከሩቅ አይተው ከድንጋያቸው ተነሥተዋል፤ በከዘራቸው ተደግፈው ሌላኛውን እጃቸውን አንሥተዋል። የሙሀመድአሚን እግር በልማዱ ሊቆም ቃጣው። ዓይኑን ግን ከጎማው አልነቀለም፤ ከኋላው አራት ሰው አለ፤ ቢያወላውል ሁሉም ይወድቃሉ፤ ከወደቁ ደግሞ ክለቡም ሳይክሉም የሉም።

«ሙሀመድአሚን!» ብለው ሲጣሩ ሰማ።

አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ድምፃቸው ከኋላው ቀረ፤ እሱም አፈረ፤ ስመለስ ቆሜ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ከሰንበቴ በመለስ ባለችው መንደር መግቢያ ላይ፣ ለወትሮው መኪና የሚያሳልፍ ክፍተት ያለው የድንጋይ ኬላ ያን ዕለት ከዳር እስከ ዳር ተዘግቶ፣ ግንድ ተጋድሞበት ጠበቃቸው። ፍሬን ያዙ። ጠባቂዎቹ ከሁለቱም ወገን ወጡ፤ የአንዱ መሣሪያ ሲቀባበል ተሰማ። በዚያ ዓመት በዚያ መንገድ ላይ የኖረ ሰው ያን ድምፅ ሲሰማ ልቡ ምን እንደሚሆን ላልኖረበት ማስረዳት ከባድ ነው።

«ውረዱ! እጃችሁን ከሳይክሉ ላይ አንሡ!» አለ የጠባቂዎቹ አለቃ አሚር የተባለው ወጣት።

ደረጀ ቀስ ብሎ ወረደ። «የከሚሴ ስፖርተኞች ነን። አስተዳደሩ ያውቀናል። መንገዱ ክፍት ነው ተብሎ ነው የወጣነው።»

አሚር አላየውም፤ የሚያየው አረንጓዴዋን ሳይክል ነበር። ወደ እሷ ሄደና ኮርቻዋን ያዘ። «ባለቤቱን የት ጣላችሁት?»

ማንም አልገባውም። ኤርሚያስ ሳይክሉን ወደ ኋላ ሊያዞር ሲል፣ «አትነቃነቅ አልኩህ!» ተባለ። ደረጀ ሰዎቹን በዓይኑ ቆጠረ፤ መሣሪያውንም ቆጠረ፤ የወታደር ልማድ ነው። የመጣብን በማንነታችን ነው ብሎ አስቦ ነበር፤ የክለቡ ሰዎች ሁሉ ያሰቡት ይህንኑ ነው።

«ሙሀመድአሚን የት ነው?» አለ አሚር። «የዚህች ሳይክል ጌታ! አጎቴ ሼህ ሸምሱ አሁን ደውለው አልቅሰው ነው የነገሩኝ። ‹ሳይክሉ አለፈ፤ የነዳው ግን እሱ አይደለም፤ ስሙን ጠርቼው አልዞረም፤ ልጄን ገድለውት ነው› አሉኝ!»

ሙሀመድአሚን መነጽሩንና ሄልሜቱን አወለቀ። «እኔ ነኝ። በአላህ፣ እኔ ነኝ ሙሀመድአሚን።»

«መታወቂያህን አምጣ።»

«ኋላ በቀረችው መኪና ውስጥ ነው።»

«መኪናዋ የታለች?»

«ጎማዋ ፈንድታ ቀረች።»

ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። መልሱ እውነት ነበር፤ ግን ሌባ የሚመልሰው ይመስላል። አሚር ጠጋ አለው። «እኔ ሙሀመድአሚንን በስም ነው የማውቀው። አጎቴ ስለ እሱ የማያወሩበት ቅዳሜ የለም። አንተ እሱ ከሆንክ፣ ለምን ሰላም ሳትላቸው አለፍክ?»

ሙሀመድአሚን አፉን ከፈተ። ሰልፉ እንዳይፈርስ ብዬ ሊል ነበር፤ ነገሩ ግን እዚያ፣ በመሣሪያ አፈሙዝ ፊት፣ ሊነገር የማይችል ትንሽ ሆኖ ታየው። ዝም አለ። ዝምታውም በጠባቂዎቹ ዘንድ እንደ ማመን ተቆጠረ፤ ከመካከላቸው አንዱ «ነገሩ ታወቀ! አጋድሙት!» ብሎ ጮኸ፤ አሚር በክንዱ ገታው። «አጎቴ እየመጡ ነው። እስኪደርሱ ማንም አይነካቸው። እሳቸው አይደለም ካሉ ግን…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ፀሐይዋ ከረረች። የአፋር ከብቶች ከረግረጉ ወዲያ ይጮሃሉ። የክለቡ ሰዎች እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው አስፋልቱ ላይ ተቀመጡ፤ ሙሀመድአሚን ዙቤይዳን አሰበ፤ ከሰው ጋር ሂድ ያለችውን።

በመጨረሻ አንዲት ባጃጅ እየተንገጫገጨች ደረሰች። ሼህ ሸምሱ ወረዱ፤ ጺማቸው በእንባ ርሷል። «የታል? የታል ገዳዩ?» እያሉ ወደ እነሱ ሲመጡ ሙሀመድአሚን ተነሥቶ ቆመ። ፊት ለፊቱ ደርሰው አዩት፤ ያ የቅርብ ፊት የማይለየው ዓይናቸው ነጭ ማልያውን እንጂ ሰውየውን አላወቀም።

«የማን ልጅ ነህ አንተ? ምን አደረገህ ያ ሰው?» አሉት።

ከሙሀመድአሚን አፍ ዘወትር ከቁርቁራው ሥር የሚለው ቃል በራሱ ወጣ።

«አሰላሙ ዓለይኩም ሼህ ሸምሱ። አካም ቡልተኒ? እንዴት አደሩ? ልጆቹስ ደህና አደሩ? ያቺ ቡሬ ጊደር፣ ባለፈው እግሯን ታማለች ያሉኝ፣ ተሻላት?»

ሽማግሌው ደነገጡ። ከዘራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሁለቱን እጆቻቸውን ዘርግተው ፊቱን፣ ግንባሩን፣ ጺሙን ዳበሱ።

«ነጋ…» አሉ በኦሮምኛ፣ ሰላም ነው ሲሉ፤ «ነጋ… ተሽሏታል፣ አልሐምዱሊላህ፤ ተሽሏታል ልጄ!» ከዚያ ደረቱን በጡጫ መቱት፤ አልቅሰውም መቱት። «ስጠራህ ለምን ዝም አልከኝ? እኔ በቁሜ ቀብሬህ መጣሁ እኮ!»

«ሰልፉን እንዳላፈርስ ብዬ ነው፣ ሼህ ሸምሱ። ይቅር በሉኝ።»

«የምን ሰልፍ?»

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃ ደረጀ ከተቀመጠበት ተነሣ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የሽማግሌውን ከዘራ ከመሬት አንሥቶ በሁለት እጁ አቀበላቸው፤ ጎንበስ ብሎም ትከሻቸውን ሳመ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አባቴ። ማንም ቢጠራህ አትዙር ያልኩት እኔ ነኝ። በአንቱ መንገድ ላይ እያለፍን ሰላም አትበል ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ።»

ሼህ ሸምሱ ወደ ድምፁ ዞሩ። «አንተም ሰላም አላልከኝም» አሉት። ደረጀም በዚያው በተደረደረው ድንጋይ መካከል ቆሞ፣ እንደ ተማሪ፣ አዳራቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ ከብታቸውን፣ ዝናቡን አንድ በአንድ ጠየቃቸው። ጠባቂዎቹ ግንዱን አነሡ። አሚር መሣሪያውን ወደ ጀርባው አዙሮ ለኤርሚያስ ውኃ ሰጠው፤ «አብሽር፣ አይዞህ ወንድሜ» አለው።

ያን ዕለት ማታ ደረጀ የአባልነት ማልያውን ይዞ ሙሀመድአሚን ሱቅ ድረስ መጣ። «ሰልፉን አላፈረሱም፤ ፈተናውን አልፈዋል» አለ፤ ሲናገረው ግን ቃሉ አፉን እንደመረረው ያስታውቅ ነበር። ሙሀመድአሚን በአንድ ነገር ከተስማሙ እገባለሁ አለው፤ ተስማሙም። ከዚያ በኋላ የክለቡ ሰልፍ ኩርባው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን እንዲቀንስ፣ የሰልፉ ኋለኛም ወጥቶ ሰላምታውን አድርሶ እስኪደርስባቸው እንዲጠብቁት ተደነገገ።

ዙቤይዳ የሆነውን ከሌላ ሰው ሰምታ ነበር። አልጮኸችም፤ አጠገቡ ተቀመጠች። «ከሰው ጋር ሂድ ብዬህ» አለች፤ «እኔ ላስገድልህ ነበር።»

«አይደለም» አላት። «ከሰው ጋር ሂድ ማለትሽ ልክ ነበር። እኔ ነኝ ሁልጊዜም ከሰው ጋር እንደነበርኩ ያላወቅሁት።»

ዓመታቱ አለፉ። በዞኑ የስፖርት ሪፖርት ውስጥ ስለዚያ ቅዳሜ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የቦርከና ብስክሌት ክለብ ከከሚሴ ሰንበቴ ያደረገው ጉዞ ያለ ምንም ችግር ተጠናቀቀ ይላል። የዘመኑን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች መንገዱ የተዘጋባቸውን ቀኖችና የዘጉትን ሰዎች ይመዘግቡ ይሆናል፤ በአንድ ሰው ፍቅር ምክንያት ለአንድ ማለዳ የተዘጋ ኬላ ግን በየትኛውም መዝገብ አይገኝም።

ሼህ ሸምሱ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በመጣው ክረምት ሞተዋል። ሰልፉ ዛሬም ቁርቁራው ጋ ሲደርስ ይቀንሳል፤ አዳዲሶቹ አባላት ኩርባው ስለሚያሰጋ ነው ብለው ያስባሉ፤ የነገራቸውም የለም። ሙሀመድአሚን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ የኋለኛውን ቦታ ለማንም አይለቅም። ከሰልፉ ይወጣል፤ አንድ እግሩን መሬት ያስነካል፤ ባዶውን ድንጋይ ስለ አዳሩ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ዝናቡ ይጠይቀዋል። ከዚያ ነፋሱን ብቻውን እየሰበረ ጓደኞቹን ይከተላል።