ለቀኛዝማች ያልተተኮሰች ጥይት

በመጋቢት 1969 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቤት ለቤት ለጦር መሣሪያ በታሰሰች ጊዜ የቀኛዝማች ሽባባው ሁለት አፍ ጠመንጃ የት እንደ ገባ፣ በሆላንድ አገር በሚኖሩት በሁለቱ ልጆቻቸው ቤት ሁለት ታሪክ ይነገር ነበር። በካፔለ፣ በታላቁ በአቶ አየለ ቤት፣ ቀኛዝማች ጠመንጃቸውን ከነጥይቱ ቀብረው፣ ተገርፈውም ሳያወጡ ሞቱ ይባላል፤ በኦስዶርፕ፣ በታናሹ በአቶ መሳይ ቤት ግን፣ በጋቢ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው ለቀበሌው አስረከቡ፤ በምትኩም እስር ቤት የነበረውን አየለን አስፈቱ ይባላል። ወንድማማቾቹ በዚህ ነገር ተኳርፈው ፋሲካን እንኳ ለየብቻ መፈሰክ ከጀመሩ ቆይተዋል።

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. የአቶ አየለ ልጅ ዮናታን የአደን ፈተናውን አልፎ ፈቃድ አወጣ፤ አባትየውም ጠመንጃ ሊያስመርጡት ዴን ሃግ ወደሚገኝ አንድ መሸጫ አብረውት ሄዱ። ገና ከበሩ ዓይናቸው አንዲት አሮጌ ሁለት አፍ ላይ አረፈ፤ አፈሙዞቿ ጎን ለጎን የተጣመሩ፣ ሰደፏ በእጅ ብዛት የጠቆረ፤ ቁርጥ የአባታቸውን ጠመንጃ። አንሥተው ታቀፏት።

«ስንት ይላታል?»

«አራት መቶ ሃምሳ ዩሮ» አለ ዮናታን ሻጩን ጠይቆ። «ርካሽ ናት። ያኛው አዲሱ፣ አፈሙዞቹ የተደራረቡት፣ አንድ ሺህ አራት መቶ ነው።»

«ከሦስት እጥፍ በላይ! ወርቅ ነው እንዴ የሚተኩሰው?»

«ብረት ነው፣ ፓፓ። እዚህ አገር በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው። የብረቱ፣ ሃያ አምስት ጥይት ያለው ፓኮ አሥራ ሁለት ዩሮ ገደማ ነው፤ ይቺ አሮጊት ግን ብረት አትችልም፤ አፈሙዟ ይበላሻል።»

«አትተኩሳት! ሳሎን ስቀላትና መሳይ መጥቶ ይያት።»

ዮናታን ሳቀ። «እዚህ ጠመንጃ አይሰቀልም፤ ካዝና ውስጥ ይቆለፋል። ኤኽት፣ እውነቴን ነው፣ ፓፓ፣ ከፖሊስ በቀር የሚያየው የለም። እንደ ተቀበረ ቁጠረው።» ከዚያ ሳቁ ጠፋ። «ግን አያቴ ቀብሮት ከሆነ፣ አንተን በምን አስፈታህ?»

«አስፈታው ያለህ ማነው? መሳይ?»

«አንተን ነው የጠየቅሁት።»

አቶ አየለ ሰደፉን ዳበሱ።

«በቀብሩ ዕለት» አሉ ቀስ ብለው፣ «አስከሬኑን የቀደመ ጠመንጃ የለም፤ አንዲት ጥይት አልተተኮሰለትም። ማይጨው የዘመተ ሰው፣ ቀኛዝማች፣ ዝም ተብሎ አፈር ገባ! ታዲያ ሰው ምን ይበል? ጠመንጃውን በልጅ ለወጠ ይበል?»

«ልጁ እኮ አንተ ነህ።»

«እሱ አይደል የሚያቃጥለኝ!»

የዚያ ዘመን ታሪክ ብዙ ጠመንጃ እንደ ተለቀመ ይተርካል፤ በስንቱ ስንት ልጅ እንደ ተዋጀ ግን የጻፈ የለም፤ አቶ አየለም የተዋጁበትን ዋጋ እንደ ነውር ሲሸሽጉ አረጁ።

ዮናታን አሮጌዋን ከእጃቸው ተቀብሎ ለሻጩ መለሰ።

«አዲሱን እገዛለሁ» አለ፤ «ታሪኩን ግን የአጎቴን ነው የምወስደው፤ ለልጆቼም የምነግረው እሱን ነው።»