ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እግር

ሾፌሩ ሙዳሲር በወጌሻዋ በገላኔ ቤት፣ መታሻ አልጋው ላይ ሞቶ ሲገኝ አሶሳ ለመፍረድ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀባትም። «አሽታ ገደለችው!» ተባለ። ኢንስፔክተር ጤናዬ ስትደርስ ሁለት ልጆች የምታሳድግባቸው የገላኔ እጆች በካቴና ታስረዋል። ጤናዬ ግን ሰው ሁሉ ባንድ አፍ ሲናገር ጥርጣሬዋ ይብስባታል።

«እሽታሽ ያማል አሉ?»

«ጥልቅ እሽታ ያማል እንጂ! ጡንቻው እስኪላላ በክርኔ ነው የምጫነው። ሁለት ቀን ይቆረጣጥማል፣ ከዚያ ይለቃል። ግራ እግሩን ግን አልነካሁም፤ አብጦ ይግላል። እንዲህ ያለውን ቀይ ጨርቅ አስርበትና እተወዋለሁ። ትከሻውን ጨርሼ ውሃ ላመጣለት ወጣሁ፤ ስመለስ...» እንባዋ ቀደማት።

ጤናዬ ቋጠሮውን ሳትነካ ጨርቁን በጣቷ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ ቆዳው በዘይት ርሷል። ነገሩ ሸተታት።

ደጅ የሟቹ ሚስት ኑሃ ታለቅሳለች።

«ጠላት ነበረው?»

«ወላሂ የለውም! ሰኞ ግን ፍርድ ቤት በጌትነት ላይ ሊመሰክር ነበር። ጌትነት ሰው ሲገጭ አብሮት ነበር።»

ጌትነት ከሙዳሲር ጋር ከጉባ ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ወደ እሽታ ያመጣውም እሱ ነው።

«ክፍሉን አልረገጥኩም» አለ ሳይጠየቅ።

ጤናዬ ሙዳሲር ወደታከመበት ክሊኒክ ደወለች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበችና የሟቹን ልብስ ጠቅልላ ገመድ ለጌትነት አቀበለችው። «ወንድሜ፣ እስቲ ጠበቅ አድርገህ እሰርልኝ።»

አሰረው። ጤናዬ ጥቅሉን ከሟቹ እግር አጠገብ አስቀመጠችው።

«ገላኔ የምታስረው እግሩን ዘይት ሳትቀባ ነው፤ ዘይቱ ግን ከጨርቁ ሥር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ፈትቶ፣ እግሩን አሽቶ፣ መልሶ አስሯል። ቋጠሮውን እዩት።»

ሁለቱም ቋጠሮዎች አንድ ናቸው፤ ሾፌሮች ሸራ የሚወጥሩበት።

«እሷም ልትፈታው ትችላለች!» አለ ጌትነት።

«እንዲህ ማሰር ግን አታውቅም። ክሊኒኩ ‹እግሩ ውስጥ ደም ረግቷል፤ ከታሸ ወደ ሳንባው ሄዶ ይገድለዋል› ብሎ ውጤቱን ዛሬ ጠዋት ለአንተ ነው የሰጠው። ሰኞ እንዳይመሰክርብህ ለሙዳሲር አልነገርከውም፤ ገላኔ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ ገባህ። በደረቱ ተኝቶ ነበር፤ ገላኔ የተመለሰች መስሎት እንድታሸው ተወህ።»

ጌትነት እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ፖሊሱ ግን አስወጣቸው፤ ካቴናውም ከገላኔ ወደ እሱ ዞረ።

የገላኔ አንጓ ቀልቶ አብጧል። ስትረግማት የዋለችው ኑሃ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ሳብ አድርጋ፣ ቀስ እያለች ታሽላት ጀመር።