የኛ ሰው ናት

«መጀመሪያ መብሻውን ልየው» አለች ጥያቄ፣ ፎጣው አንገቷ ላይ እንደታሰረ። ስሟ ሌላ ነው፤ መጠየቅ ስለማይደክማት ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራት ግን በዚህ ነው።

«ምኑን ነው የምታዪው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ። «እናትሽን በስቻለሁ፣ እህትሽን በስቻለሁ። የዚህ ሰፈር ጆሮ በሙሉ በእጄ ነው ያለፈው።»

እናቷ ሳቀች። እዚህ ቤት ስትገባ ብቻ የምትስቀው ሳቅ አለ፤ ፀጉር ሠሪዋ ጓደኛዋ ምንም ትበል ምን እሺ ለማለት የተዘጋጀ ሳቅ። ጥያቄን የሚያበግናት እሱ ነው። ባለፈው ዓመት ጓደኛዋ ፀጉሯን ቀይ ስትቀባት እናቷ እየሳቀች ወጣች፤ ቤት ገብታ መስታወት ፊት አለቀሰች፤ ቀለሙ ሲለቅ ደግሞ ቀዩን ልታስደግም ተመልሳ መጣች። «የኛ ሰው ናት፤ እንዴት እምቢ እላታለሁ?» ትላለች።

ጥያቄ የጆሮዋን የላይኛውን ጠርዝ ለመበሳት እናቷን ስንት ለምና ነው ያስፈቀደችው። ዋናው መንገድ ላይ ሥራው መብሳት ብቻ የሆነ ቤት ገብታም ጠይቃለች። በሺው መርፌውን ከነማሸጊያው አሳያት፤ ፊቷ እንደሚከፍተውና ከእሷ በኋላ እንደሚጥለው ነገራት። ፀጉር ሠሪዋ እጅ ያለው ዓይነት ሽጉጥ የሚመስል መብሻ ግን የላይኛውን ጆሮ ለስላሳ አጥንት ይጎዳል፣ በደንብም አይጸዳም አላት። የጠየቃት ወላጅ ይዛ እንድትመጣ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ ለእናቷ አንድ በአንድ ነግራታለች። እናቷ ሰምታ ሰምታ ይዛት የመጣችው ግን እዚህ ነው።

«አክስቴ፣ ቆይ» አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ አክስቴ ነው የምትላት። «ዛሬ ሰው በስተሽበታል?»

«ጠዋት አንዷን።»

«ከዚያ በምን ጸዳ?»

ፀጉር ሠሪዋ መብሻውን ቀለም በነካው ሽርጧ ጠረግ ጠረግ አድርጋ አሳየቻት። «ይኸው።»

የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ሥር የተቀመጠች ደንበኛ፣ ማሽኑ ጆሮዋን ስለደፈነው እየጮኸች፣ «ልጅቷ ፈራች እንዴ?» አለች።

«አልፈራሁም» አለች ጥያቄ። ማንም አልሰማትም።

«አታካብጂ ባክሽ» አለች እናቷ በመስታወቱ ውስጥ እያፈጠጠችባት። «የታችኛውን ማን በሳሽ? እሷ አይደለችም? ሞትሽ?»

«መግል ይዞ ስንቴ ሐኪም ቤት ተመላለስን።»

«የልጅ ጆሮ ነው፤ ይይዛል» አለች ፀጉር ሠሪዋ ምንም ሳይመስላት።

በዚህ መሀል መብሻው ላይ ልትሰካው የነበረው ጉትቻ ከእጇ አመለጠና ወለሉ ላይ፣ የተቆረጠ ፀጉር መሀል ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ እፍ አለችበት፣ መብሻው ላይ ሰካችው።

ጥያቄ እናቷን አየቻት። እናቷም አይታለች። ዓይን ለዓይን ተጋጩና እናቷ የፀጉር መጠቅለያ ቢጉዲኑን ሳጥን እንደ አዲስ ዕቃ መመርመር ጀመረች። ጥያቄ ከጉትቻው ይልቅ በዚህ ተናደደች።

ብረቱ ጆሮዋን ሲነካት ፎጣውን ፈታችው። «አክስቴ፣ ይቅርታ። አልበሳም።»

«ዛሬን ብቻ ነው?» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

አዎ፣ ዛሬን ብቻ ብትል ይቀላት ነበር። እናቷም ከኋላ «ዛሬን ብቻ በያት» የምትል ትመስላለች።

«በዚህ መብሻ አልበሳም። ፀጉሬን ግን ሁሌም አንቺው ነሽ የምትሠሪኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ ወደ እናቷ ዞረች። «ልጅሽ ናቀችኝ» አለች፣ እውነት ከፍቷት። ጥያቄን አሳዘነቻት፤ ሆኖም ተመልሳ አልተቀመጠችም።

ውጪ ወጥተው እናቷ ከፊት ከፊት እየተራመደች ነበር። «አዋረድሽኝ። ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያት? አንቺ ተናግረሽ ወጣሽ፤ ከእሷ ጋር የምኖረው እኔ።»

«ሲወድቅ አይተሻል እኮ፣ እማዬ።»

እናቷ እርምጃዋን አፈጠነች። «ወደዚያኛው መብሻ ቤት ደግሞ ትወስደኛለች ብለሽ እንዳታስቢ። ለትምህርት ቤታችሁ ዝግጅትም አይደርስልሽ።»

ለዝግጅቱ ጓደኞቿ ሁሉ ተበስተው ጨርሰዋል። ጥያቄ ግን «ይቅር» አለች።

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ እናቷ እርምጃዋን ቀነስ አደረገች። «ያ የሚበሳው ልጅ መርፌውን እዚያው ፊትሽ ነው የሚከፍተው?»

«ፊቴ።»

«ጓንትስ ያደርጋል?»

«ያደርጋል።»

«እህ» ብላ መንገዷን ቀጠለች።

ጥያቄ ገና ብዙ የምትለው ነበራት፤ ስለ መርፌው፣ ስለ ሽርጡ፣ ስለዚያ ሳቅ። አፏ ላይ የደረሰውን ሁሉ ዋጥ አደረገችና ከእናቷ ጎን ሆና ተራመደች።