አፈር-በሏ እናት

ማክሰኞ ከሰዓት የከተማው አየር ቢያፈተልክ ለመዳን የሚደረገው ልምምድ ደወል ሲጮህ፣ የጨረቃ ከተማ ወላጆች እንደ ወትሯቸው ልጆቻቸውን በለበሱት ወፍራም ካፖርት ውስጥ ከትተው ዚፑን ሳቡት። ዘርፌም የሁለት ዓመት ልጇን ሚጡን ከተተቻት። ሚጡ ደወሉን ስትሰማ ራሷ ሮጣ ነው የምትመጣው።

ደወሉ እንዳበቃ አሳዳሪው፣ ማለትም የቤቱን የዓሣ ገንዳ የሚጠብቀው ማሽን፣ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ እናቲቱ ዓሣ ልጆቿን በልታለች። አንድም አላስቀረች። በደንቡ መሠረት ላስወግዳት? ወይስ ልተዋት?»

የዘርፌ ባል ይርዳው ከሶፋው ዘሎ ተነሣ። ዓሦቹ ዘራቸው ከደቡብ አሜሪካ ወንዞች የመጣ አፈር-በሎች ናቸው፤ አሸዋውን በአፋቸው ዝቀው ምግቡን ያስቀሩና የተረፈውን በመተንፈሻቸው፣ በስንጥባቸው በኩል ያፈሱታል። በከተማው የቀረችው እንስት እሷ ብቻ ነበረች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ወዲህ ይርዳው ያላወራለት ሰው የለም፤ አራስ ጠያቂ መጥራት ብቻ ነው የቀረው።

«እናት ሆና!» አለ። «በይ ያውጣት፣ ዓይኗን ማየት አልፈልግም።»

«ልጁን የበላ ዓሣ ይወገድ» የሚለውን ደንብ ለከተማው አሳዳሪዎች ሁሉ የጻፈችው ዘርፌ ናት። እሺ ልትል ስትል ግን አንድ ነገር ከነከናት። ማሽኑ ደንብ ከመፈጸሙ በፊት እስከ ዛሬ ጠይቋት አያውቅም።

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

«ልጆቹ አልሸሿትም። ደወሉ ሲጮህ እየተሽቀዳደሙ አፏ ውስጥ ገቡ።»

ሚጡ ካፖርቱ ውስጥ ሆና ትስቃለች። ዘርፌ ልጇን እንዳቀፈች ገንዳው አጠገብ ተንበረከከች። የእናቲቱ ጉንጭ አብጧል።

«እስቲ እንጠብቅ» አለች።

ብዙም አልቆየ። እናቲቱ ወደ አሸዋው ጠጋ ብላ አፏን ከፈተች፤ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ልጆቿም ተራ በተራ ወጡ። ይርዳው እየቆጠረ ዓይኑን ጠረገ።

«ይቅር በይኝ የኔ እናት» አላት ዓሣዋን። «አፌን ቁርጥ ያድርገው!»

ዘርፌ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

«ከእሷ በፊት በሌሎች ቤቶች ስንት እናቶች ተወገዱ?»

«ሰባት፣ እመቤቴ። ደንብዎ እናቲቱን ተመልከቱ ይላል እንጂ ልጆቹን አይልም።»

«ታዲያ ዛሬ ልጆቹን ተመልከት ብሎ ማን አዘዘህ?»

«ማንም። አሳዘኑኝ።»

ዘርፌ ስለ ማዘን አንድም መስመር አልጻፈችለትም ነበር።

«ደንቡን ልሰርዘው?» አለ አሳዳሪው።

«ሰርዘው።»

«በምትኩ ምን ይጽፋሉ?»

ዘርፌ የካፖርቷን ዚፕ ከፍታ ሚጡን አወጣቻት።

«እኔ አልጽፍም» አለችው። «አንተ ጻፈው።»