በመርፌ የተወጋው ፊልተር

ኮሜንት ላይ «ፈጠራ ነው» ብላችሁ ለመጻፍ ጣታችሁን ያሾላችሁ ካላችሁ፣ መልሱት።

ፈጠራ ቢሆን ኖሮ ከቫኪዩም ማጽጃ የተሻለ ነገር አላጣም ነበር። ቢያንስ አሮጌ የውኃ ጉድጓድ፣ ቢያንስ አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት። በእኔ ላይ ግን የደረሰው በአቧራ መምጠጫ ነው። እንደ ሰው በወጉ እንኳ አልፈራሁም።

ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ።

ፀሐይ በሳሎኑ መስኮት ገብታ ኮሪደሩን እስከ ጥጉ አብርታዋለች። መብራት አልጠፋም። ዝናብ የለም። ጎረቤታችን ሬዲዮ ከፍቶ ኳስ ያዳምጣል፤ ቡድኑ ሲሳሳት ግድግዳውን ይደበድባል።

እዚያ ብርሃን ውስጥ ነው የሆነው...

መጀመሪያ ቤቱን ላስተዋውቃችሁ።

የምንኖረው በአማቴ ቤት ነው። ከመንገዱ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠ የምድር ወለል አፓርታማ። እኔ፣ ባለቤቴና የአምስት ዓመቷ ልጃችን። ልጃችንን ሚጢጢ ነው የምንላት።

አማቴ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው። ጡረታ መውጣታቸውን ግን እስካሁን የነገራቸው ሰው የለም። በጠዋት ተነስተው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመው ማን እንዳረፈደ ያያሉ።

እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም።

«የኋላ ወንበር፣ ጫማህን አውልቅ።»

«የኋላ ወንበር፣ በር እንደ ሰው ነው የሚዘጋው።»

አንድ ቀን እልህ ይዞኝ ዩኒቨርሲቲ መጨረሴን አስታወስኳቸው።

«እሱም የኋላ በር ይኖረዋል» አሉኝና ሻያቸውን ጠጡ።

ሚጢጢ አስም አለባት። ደረቷ ውስጥ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ያለ ይመስል፣ በተነፈሰች ቁጥር ሲር... ሲር... ይላል። ባለፈው ጊዜ በጣም ጠናባት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ በፒጃማዋ ተሸክሜያት መንገድ ላይ መኪና እየለመንኩ ሮጫለሁ። ሐኪሟ አልሸፋፈነችልንም።

«አቧራውን ከቤት አጥፉ። በሚቀጥለው ላትደርሱ ትችላላችሁ።»

አቧራ ማጥፊያችን ደግሞ የአማቴ ቫኪዩም ነው።

ገመድ አልባ ነው። ሲገዛ ብርቅ ነበር ይባላል። አሁን ግን ኮሪደሩ መሀል ሲደርስ ነፍሱ ይወጣል፤ ቻርጀሩ ላይ ተሰቅሎ እስኪነሳ መጠበቅ ነው። ከፊት የመጠጠውን አቧራ ከኋላ ይተፋዋል። የልጄን ደረት የሚያፍነው እሱ ራሱ እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

አማቴ ግን ማንንም አያስነኩም። ራሳቸው ብቻ ያጸዱበታል። ያውም መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው፣ የማሽኑን ጀርባ ወደ ውጭ አዙረው፣ ሰው እንደሚሸኝ ቆመው።

«እማማ፣ ፊልተሩ እኮ አልቋል። አዲስ ልቀይርለት?»

«ሞክረህ እየው።»

እንዲህ ነው ያሉኝ። ዓይኔን እያዩ።

እሳቸው ቅዳሜ ጠዋት እህታቸው ጋ ሊያድሩ ሄዱ። በሩ ከኋላቸው እንደተዘጋ ማሽኑን ከመስቀያው አወረድኩት።

ፊልተሩን ጠምዝዤ አወጣሁና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሻጩ ወደ አምፖሉ አንስቶ አየው።

«ይሄን ማነው የወጋው?»

«አርጅቶ ነው።»

«እርጅና በመስመር አይሄድም፣ ወንድሜ።»

ተቀብዬው አየሁት።

እውነቱን ነው። ቀዳዳዎቹ የመርፌ ጫፍ ቢያክሉ ነው። ረድፍ በረድፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በማስመሪያ የተለኩ ይመስላሉ።

«ልጅ ነው የሚሆነው» አልኩት።

«ልጅ ይሄ ሁሉ ትዕግሥት ከየት አምጥቶ...»

ወፍራም፣ ነጭ፣ እጥፋቱ የበዛ ፊልተር አወጣልኝ። እጅግ ደቃቁን የሚይዘው እሱ ነው አለኝ።

«ይሄ ምንም አያሳልፍም። ምንም።»

አሮጌውን እዚያው ቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ጥዬው ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ልብስ ታጣጥፋለች። ሚጢጢ ኮሪደሩ ጥግ ወለል ላይ ተቀምጣ ሥዕል ትቀባለች። ሲር... ሲር...

አዲሱን ፊልተር አስገብቼ አዞርኩት። ጣቴን አነሳሁ።

ጠቅ አለ።

ልብ በሉ... ጠቅ ያለው ጣቴን ካነሳሁ በኋላ ነው።

አስነሳሁት።

ድሮ ይጮህ ነበር። አሁን አይጮህም። ይስባል... ሰው ውኃ ውስጥ ከመጥለቁ በፊት እንደሚስበው፣ ረጅም፣ ዝቅ ያለ ትንፋሽ...

ማስወጣቱን ጠበቅኩ።

አላስወጣም።

መዳፌን ከጀርባው አደረግኩ። ነፋስ የለም። ሞተሩ ይዞራል፣ አቧራው ይገባል፣ ከኋላ ግን ምንም አይወጣም።

ጥሩ ፊልተር ማለት ይሄ ነው ብዬ ተደሰትኩ። የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር ማብራሪያ አያጣም።

ኮሪደሩ መሀል ደረስኩ። ባትሪው አልሞተም። አለፍኩ። አልሞተም።

ከዚያ ብርጭቆ የመሰለውን የቆሻሻ መያዣ አየሁት። አቧራ እዚያ ውስጥ ይሽከረከራል፤ ወጉ ነው። ይሄኛው አይሽከረከርም። አንድ ጎን ላይ ተለጥፎ ቆሟል።

ማሽኑን አዞርኩት።

አቧራው ቀስ ብሎ ወደ ሌላኛው ጎን ተሻገረ...

ሚጢጢ ወዳለችበት ጎን።

«አባቢ» አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ጸጥ አለ።»

«ምኑ?»

በቀለም የተነከረ ጣቷን ደረቷ ላይ አደረገች። «ይሄ።»

ማሽኑን ጥዬ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጠፍኩ። ልቧ ይመታል። ሲር ሲሩ የለም። አንዲት እንኳ።

ባለቤቴ መጥታ እሷም አዳመጠች። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ያን የልቅሶ ድምፅ ብትሰሙት እናንተም ፊልተር ገዝታችሁ ትሮጡ ነበር።

እኔማ በደስታ ለአማቴ ደወልኩ።

«እማማ፣ የኋላ ወንበር አንደኛ ወጣ። የልጅቷ ደረት ጸጥ አለ። ፊልተሩን ቀየርኩት።»





ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ ረፋድ ላይ ኮሪደሩን ሳልፍ ከኋላዬ ሰማሁ።

ሲር... ሲር...

«ሚጢጢ፣ ተመለሰብሽ እንዴ?» ብዬ ዞርኩ።

ሚጢጢ የለችም። ሳሎን ውስጥ ጠረጴዛውን እየዞረች ስትሮጥ ይሰማኛል።

መስቀያው ላይ ያለው ማሽኑ ብቻ ነው። ቻርጀሩ ከሶኬቱ ተነቅሏል፤ እኔው ነኝ የነቀልኩት። ቆሻሻ መያዣው ውስጥ ያለው አቧራ...

ከፍ ይላል።

ዝቅ ይላል።

ከፍ...

ጠጋ አልኩ። ቆመ። ድምፁም ቆመ።

አንድ እርምጃ ወደኋላ ተመለስኩ።

ሲር...

ሳሎን ውስጥ ሚጢጢ አሁንም ትሮጣለች። ከቁርስ ጀምሮ አልተቀመጠችም። አላላባትም። አላለከለከችም።

ቁልፍ በሩ ላይ ዞረ።

አማቴ ናቸው። ኮሪደሩን ከነጫማቸው አለፉት። ከነጫማቸው! ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

«የት ናት?»

ሳሎኑ በር ላይ ቆመው የልጅቷን ሩጫ አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ደክሟታል?»

«አልደከማትም።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ ክንዴን ይዘው ወጥ ቤት አስገቡኝ።

«አሮጌው የታለ?»

«ሱቁ ጋ ጣልኩት። የወጉት እርስዎ ነዎት?»

«ድምፅህን ቀንስ። እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ባሌ፣ ከበር የሚረዝም ሰው፣ ያስል ነበር። ቤት የሚያናጋ ሳል። ማሽኑን በገዛሁበት ቀን ሳሉ ቆመ። ደስ አለኝ። እንዳንተ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይበላል። ይስቃል። ሥራ ይሄዳል። ሰው ሁሉ ጤናው ተመለሰ አለ። አጠገቡ የምተኛው እኔ ብቻ ነኝ።»

«እና?»

«አጠገቡ የምተኛው እኔ ብቻ ነኝ አልኩህ። ክፍል ውስጥም እንዲህ ነበርክ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ፊልተሩን የወጋሁት እሱን ከቀበርን በኋላ ነው። ዘገየሁ። ያለፈው አልመለስ አለ... በየሳምንቱ በመስኮት ጥቂት በጥቂት አስወጣዋለሁ። አላልቅም አለ።»

«ለምን ማሽኑን አልጣሉትም?»

«ባሌን የት ነው የምጥለው?» አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላ ዓይን አላየሁም።

ከካፖርታቸው አንገት ላይ መርፌ ነቅለው መዳፌ ላይ አኖሩ።

«ገና አንድ ቀኗ ነው። ዛሬ ከወጋኸው ትንፋሿ ይመለስላታል። ነገ አላውቅም።»

«ሲር ሲሩም አብሮ ይመለሳል?»

«አብሮ ነው የወጣው።»

ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ ማሽኑ ፊት ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«የሚነካው ሰው ይምጣና ያየኛል» አለች፣ በሹክሹክታ።

«ልጄ፣ ብታስልም ይሻላል» አሉ አማቴ።

«ላንቺ ነው የሚሻልሽ። ከንፈሯ ሲጠቁር አንቺ ተኝተሽ ነበር።»

«ሂጂና አጠገቧ ተኚ። ከዚያ ትነግሪኛለሽ።»

«አርጅተሻል እማ። ቤትሽን ስላልለቀቅንልሽ ነው ይሄ ሁሉ።»

አማቴ እኔን አዩኝ።

ባለቤቴን በትከሻዬ ገፋ አድርጌ የማሽኑን ጀርባ ያዝኩ። ፊልተሩ አልዞር አለኝ። ከውስጥ የያዘው እጅ ያለ ይመስል፣ ባዞርኩት ቁጥር ይመልሰዋል። ቢቸግረኝ መርፌውን በአየር ማውጫው ወንፊት በኩል አሾልኬ እጥፋቱ ላይ አሳረፍኩት።

«አባቢ... ተወኝ።»

የልጄ ድምፅ ነው።

ደነገጥኩ። በሳሎኑ በር አሻግሬ አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታኛለች። አሁንም ትሮጣለች። አንዴም አልዞረችም።

ድምፁ ከእሷ አልነበረም የመጣው።

ከእጄ ሥር ነው።

«እሷ አይደለችም» አሉ አማቴ። «ውጋው።»

«አባቢ... ያመኛል...»

«ውጋው፣ አንተ!»

መርፌውን ከወንፊቱ መልሼ ሳብኩት። ባለቤቴ መርፌውን ከጣቶቼ መንጭቃ በመስኮት ወረወረችው። ከዚያ ማሽኑን ታቅፋ መኝታ ቤት ገባችና ከውስጥ ቆለፈችው።

አማቴ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ። ጫማቸውን አላወለቁም። ፀቡ ያለቀበት ሰው ፊት ነበራቸው፤ ያ ፊት ከስድባቸው ሁሉ የባሰ ነው።

በሩን ደበደብኩ። ለመንኩ። ተሳደብኩ። ቀኑን ሙሉ አልከፈተችም፤ ሲመሽ፣ እኔ ወጥ ቤት ሳለሁ፣ ሚጢጢን ብቻ አስገብታ መልሳ ቆለፈችው።

ዛሬ ሰኞ ነው።

ጠዋት ስነሳ አማቴ የሉም። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ወጥታ ቁርስ ታቀርባለች፤ ታንጎራጉራለች። የመኝታ ቤቱን ቁልፍ በአንገቷ አንጠልጥላዋለች። ዓይኗን ሳላይ ካፖርቴን ለበስኩና በሩን የሚሰብር ሰው ልፈልግ ወጣሁ።

ውጭ ብርዱ ያንዘፈዝፋል። ትንፋሼ ከፊቴ እንደ ጭስ ይወጣል።

መስኮቱ ተንኳኳ።

ሚጢጢ ናት። ወንበር ላይ ወጥታ፣ አፏን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ትስቃለች። «ሳመኝ» ማለቷ ነው። ጠጋ ብዬ ከውጭ በኩል እኔም አፌን ለጠፍኩ።

ቀና ስል በእኔ በኩል መስታወቱ ጉም ለብሷል።

በእሷ በኩል ጥርት ያለ ነው።

እንደገና ለጠፈች። ጉንጮቿን ነፍታ «ሃ...» ስትል አየኋት። ምንም የለም። ንጹሕ መስታወት።

ልጮህ አፌን ስከፍት...

ከራሷ በላይ፣ የረጅም ሰው አፍ በሚደርስበት ቦታ፣ ከውስጥ በኩል አንድ ክብ ጉም ቀስ ብሎ መስታወቱ ላይ ታየ።

ጠፋ።

ታየ።

ከኋላዋ ማንም የለም።

ሚጢጢ ቀና ብላ አየችው። ፈገግ አለች። በእግሯ ጣቶች ተንጠራርታ፣ ጣቷን ጉሙ ላይ አሳርፋ፣ ሥዕል መሥራት ጀመረች።